የማይታመመው እንዴት ታመመ? ስለ መለኮትና ስለ ሕማም የተነሣው የጥንት ክርክርና የኢትዮጵያ ሊቃውንት መልስ

የሰው ልጅ መከራ ሲደርስበት ዐይኑን ወደ ላይ ማንሣቱ በየዘመኑና በየአገሩ የታየ ነገር ነው። ዐይኑን ባነሣ ጊዜም ልቡናው ሁለት ነገር ይመኛል። አንደኛው፥ በላይ ያለው አምላክ መከራ የማያሸንፈው ኃያል እንዲሆን ነው፤ ራሱ የወደቀ ሌላውን ሊያነሣ አይችልምና። ሁለተኛው ደግሞ፥ ያ ኃያል የተጨነቀውን ሰው ከሩቅ የሚመለከት ብቻ ሳይሆን ጭንቀቱን ቀምሶ የሚያውቅ እንዲሆን ነው፤ ረኀብን ያላየ ጌታ የተራበውን ሎሌ ልቅሶ እንደማይረዳ ሁሉ፥ መከራን የማያውቅ አምላክም የእኛን ነገር አይረዳውም ብሎ ይሰጋልና። እነዚህ ሁለት ምኞቶች በመጀመሪያ ሲያዩአቸው እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። ክርስትና በተሰበከባቸው በመጀመሪያዎቹ ስድስት መቶ ዓመታት ታላላቅ ሊቃውንትን ያከራከረው፥ ጉባኤያትን ያሰበሰበው፥ የጳጳሳትን መንበር ያናወጠው ጥያቄ የተነሣው ከዚሁ ነው። መለኮት ይታመማልን? የማይታመም ከሆነስ በመስቀል ላይ የሞተው ማን ነው?

ይህ ክርክር ባሕር ማዶ ተጀምሮ ባሕር ማዶ የቀረ የባዕድ ነገር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ከተመለሱት ታላላቅ መጻሕፍት አንዱ ይህንኑ ጥያቄ የሚመረምር ነው። በጎንደር ዘመን ሊቃውንቱን ለሁለትና ለሦስት የከፈለው ነገርም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። እኛም በ20ኛው መቶ ዓመት የተለያዩት አብያተ ክርስቲያናት ስለዚሁ ነገር ሲነጋገሩ ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ አዲስ አበባ እንደ ነበረች እናያለን። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ በአጭሩ ማስታወስ ለመምህሩም፥ ለተማሪውም፥ በመንግሥት ሥራ ላይ ላለውም ሰው ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን፥ የኢትዮጵያ ነው ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን።

የቃሉ ትርጓሜ

በዛሬው አማርኛ «ታመመ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ደዌ ነው። በግእዝና በቤተ ክርስቲያን አነጋገር ግን «ሕማም» ከደዌ ይሰፋል። መራብን፥ መጠማትን፥ መድከምን፥ ማዘንን፥ መገረፍን፥ መሞትንም ሁሉ ያጠቃልላል፤ «ሰሙነ ሕማማት» የምንለውም ስለዚህ ነው። የጽርእ ሰዎች በዚህ ስፍራ የሚናገሩት «ፓቶስ» የተባለው ቃል ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ይኸውም አንድ ነገር ከውጭ በመጣበት ኃይል ሳይወድ መለወጡን ነው። ሰም በእሳት ሲቀልጥ፥ ሰውም በቍጣ ሲሸነፍ፥ በፈላስፎቹ ቋንቋ ሁለቱም ፓቶስ ነው።

ይህ ቃል ለምን እንዲህ እንደ ከበደ ለማወቅ የጽርእን የጥንት ተረት ማስታወስ ይገባል። በሆሜር ግጥም አማልክት ይቀናሉ፥ ይቈጣሉ፥ ይታለላሉ፤ አፍሮዲት የተባለችው እንኳ በትሮይ ጦርነት በሰው እጅ ቈስላ ስትሸሽ ትታያለች። ፈላስፎች ይህን ተረት ናቁት። አፍላጦን አምላክ አይለወጥም ብሎ አስተማረ፤ አርስጣጣሊስ ሁሉን የሚያንቀሳቅስ፥ እርሱ ግን በማንም የማይንቀሳቀስ ብሎ ጠራው። የክርስትና አባቶች ከፈላስፎቹ «የማይታመም» የሚለውን ቃል ሲወስዱ እግዚአብሔር ስለ ሰው ግድ የለውም ለማለት አልነበረም። ማንም ምንም በግድ ሊለውጠው፥ ሊያስጨንቀው፥ ሊያሸንፈው አይችልም ለማለት ነበር እንጂ። በብሉይ ኪዳንም ቢሆን፥ እግዚአብሔር እንደማይለወጥ በነቢዩ በሚልክያስ የተነገረውና፥ ስለ ሰው ክፋት በልቡ እንዳዘነ በኦሪት ዘፍጥረት የተጻፈው፥ ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛሉ። እንግዲህ አስቸጋሪው ነገር ከጽርእ ፍልስፍና ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከመጽሐፉም ከራሱ ውስጥ ነበር።

የፊተኞቹ መልሶች

ከሐዋርያት በኋላ የተነሡት የመጀመሪያዎቹ አባቶች ነገሩን ሳያለዝቡ ተናገሩት። የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለሰማዕትነት ወደ ሮም ሲወሰድ በጻፋቸው መልእክታት፥ የክርስቶስን ሕማም የአምላክ ሕማም ብሎ ከመጥራት አልተመለሰም። የሰርዴሱ ሜሊጦን ደግሞ በዚያው መቶ ዓመት ስለ ፋሲካ በጻፈው ድርሳን፥ ምድርን የሰቀለው ራሱ መሰቀሉን እያነጻጸረ አደነቀ። እነዚህ ሰዎች የሚናገሩት እንደ ምስክር ነበር እንጂ እንደ ተከራካሪ አልነበረም። ስለዚህ «እንዴት ሊሆን ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ ለኋለኞቹ ተዉላቸው።

ጥያቄውን ለመመለስ ሦስት አቋራጭ መንገዶች ተሞከሩ፤ ሦስቱም ተወገዙ።

የመጀመሪያው መንገድ ሕማሙን ምትሐት ማድረግ ነው። ክርስቶስ ሥጋ የለበሰ መስሎ ታየ እንጂ በእውነት ሥጋ አልለበሰም፤ የታመመ መሰለ እንጂ አልታመመም የሚሉ ሰዎች ገና በሐዋርያት ዘመን ተነሥተው ነበር። አግናጥዮስ እነዚህን አጥብቆ ተቃወማቸው። የጌታው ሕማም ምትሐት ከሆነ የእርሱ የራሱ እስራትና ወደ አራዊት አፍ መሄዱም ከንቱ ይሆናልና።

ሁለተኛው መንገድ አብንና ወልድን አንድ አካል ማድረግ ነው። የሰምርኔሱ ኖኤጦስ፥ ፕራክስያስና በኋላም ሰባልዮስ፥ አብ ራሱ ወልድ ተባለ እያሉ አስተማሩ፤ ከዚህም የተነሣ በመስቀል ላይ የታመመው አብ ነው ወደ ማለት ተደረሰ። በሰሜን አፍሪቃ የነበረው ጠርጠልያኖስ በ3ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በፕራክስያስ ላይ በጻፈው መጽሐፍ፥ ይህ ሰው በሮም አብን ሰቀለው ብሎ ተሣለቀበት። በአገራችንም አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ በ1424 በፈጸመው በመጽሐፈ ምሥጢር ከመለሰላቸው መናፍቃን አንዱ ይኸው ሰባልዮስ ነው። ከሺህ ዓመት በላይ ያለፈውን ሰው የሸዋና የአምሐራ ሊቅ ገና እንደ ቅርብ ጠላት ይከራከረው ነበር ማለት ነው።

ሦስተኛው መንገድ የታመመውን ዝቅ ማድረግ ነው። የአርዮስና የተከታዮቹ ሐሳብ ይህ ነበር። አምላክ አይታመምም፤ ወልድ ግን ተራበ፥ አለቀሰ፥ ሞተ፤ ስለዚህ ወልድ ከአብ ጋር የተካከለ አምላክ አይደለም አሉ። ነገሩ ሲሰሙት ቀላልና የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች ይህ መንገድ የሰውን ድኅነት ከሥሩ የሚነቅል መሆኑን አይተው አወገዙት። የሞተልን ፍጡር ከሆነ ፍጡርን ፍጡር ሊያድነው አይችልምና።

የአርዮስ ነገር ከአክሱም ደጅ ደርሶ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። የመጀመሪያው ጳጳሳችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተሾመው በእስክንድርያው በቅዱስ አትናቴዎስ እጅ ነው። የአርዮስን ወገን የሚረዳው ንጉሠ ነገሥት ቊስጣንጥዮስ በ356 ገደማ ለኢዛናና ለሳዛና ደብዳቤ ልኮ፥ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአትናቴዎስ ፈንታ በተተካው በጊዮርጊስ እንዲመረመር ጠየቀ። የደብዳቤው ቃል በራሱ በአትናቴዎስ ጽሑፍ ውስጥ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ይነበባል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአትናቴዎስ ወገን ጸንታ መቅረቷን ግን ኋላ የመጣው ታሪኳ ይመሰክራል።

ንስጥሮስና ቄርሎስ

ሦስቱ መንገዶች ከተዘጉ በኋላ የቀረው ጥያቄ እጅግ የጠበቀ ሆነ። ወልድ ከአብ ጋር የተካከለ እውነተኛ አምላክ ነው፤ አምላክ በባሕርዩ አይታመምም፤ ሕማሙም እውነተኛ ነው። እነዚህ ሦስት ነገሮች እንዴት በአንድነት ይቆማሉ?

በ428 የቊስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው ንስጥሮስ ያደገው በአንጾኪያ ትምህርት ነበር። የዚያ ትምህርት መምህራን የአርዮስን ክርክር ለመመለስ ሲሉ በክርስቶስ ያለውን መለኮትና ትስብእት አጥብቀው ይለዩ ነበር፤ ረኀቡን ለሰውነቱ፥ ተአምራቱን ለአምላክነቱ ይሰጡ ነበር። ንስጥሮስ ከዚህ ተነሥቶ ድንግል ማርያም «ወላዲተ አምላክ» ልትባል አይገባም አለ፤ አምላክ አይወለድም፥ አይሞትምም ሲል ነበር። በጎ ፈቃድ የነበረው ሰው አይደለም ብሎ መናገር ፍትሕ አይሆንም። የፈራው ነገር የመለኮት ክብር እንዳይቀንስ ነበር። ነገር ግን መለኮትን ከሕማም ለመጠበቅ የሠራው አጥር አንዱን ክርስቶስ ለሁለት የሚከፍል ሆነ።

የእስክንድርያው ቅዱስ ቄርሎስ የተነሣው በዚህ ጊዜ ነው። የቄርሎስ ሐሳብ ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ቃል በመለኮቱ አልታመመም፤ የሚሆንም አይደለም። ነገር ግን ሥጋን የራሱ ገንዘብ አድርጎአል፤ ልብስ እንደሚለበስ ወይም በቤት እንደሚታደር አይደለም፤ የእያንዳንዳችን ሥጋ የራሳችን እንደ ሆነ የእርሱም ሥጋ የራሱ ነው። እንግዲህ የራሱ ሥጋ ሲታመም የታመመ እርሱ ነው፤ ሌላ ማንም አይደለም። በ430 ወደ ንስጥሮስ ከላካቸው ከዐሥራ ሁለቱ ውግዘቶች የመጨረሻው ይህን ይይዛል፤ ቃለ እግዚአብሔር በሥጋ እንደ ታመመ፥ በሥጋ እንደ ተሰቀለ፥ በሥጋም ሞትን እንደ ቀመሰ የማያምን ይወገዝ ይላል። የውግዘቱ ክብደት በሙሉ «በሥጋ» በሚለው በአንድ ቃል ላይ የተመሠረተ መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ቃሉ ባይኖር መለኮት በባሕርዩ ሞተ ማለት በሆነ ነበር፤ ቃሉ ኖሮ «ቃለ እግዚአብሔር» የሚለው ቢጠፋ ደግሞ የሞተው ዕሩቅ ብእሲ በሆነ ነበር።

ቄርሎስ ነገሩን ለማስረዳት ከአንጥረኛ ቤት ምሳሌ ወሰደ። ብረት ከእሳት ገብቶ ሲግል እሳቱና ብረቱ አይነጣጠሉም፤ ብረቱ ያቃጥላል፥ እሳቱም በብረቱ ቅርጽ ይታያል። አንጥረኛው በመዶሻ ሲመታው የሚጣመመውና የሚሳለው ብረቱ ነው፤ እሳቱ ግን በመዶሻ አይጐዳም። ይሁን እንጂ የተመታው እሳት የተዋሐደው ብረት ነው እንጂ ለብቻው የቀረ ቀዝቃዛ ብረት አይደለም። ምሳሌ ሁሉ ጐደሎ እንደ ሆነ ቄርሎስ ያውቃል፤ ስለዚህም ነገሩን ከአእምሮ በላይ የሆነ ምሥጢር ይለዋል።

በ431 በኤፌሶን የተሰበሰበው ጉባኤ ንስጥሮስን ሻረው። ንስጥሮስ በመጨረሻ ወደ ግብፅ በረሓ ተሰድዶ በዚያ ሞተ። በስደቱ የጻፈው መጽሐፍ በሱርስት ቋንቋ ተተርጕሞ ቈይቶ በ1895 ተገኘ፤ በ1910ም ታተመ። ከዚያ ወዲህ የታሪክ ጸሐፊዎች የእርሱን ነገር ከጠላቶቹ አፍ ብቻ ሳይሆን ከገዛ ብዕሩም ለመመልከት ችለዋል።

ቄርሎስ በግእዝ

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በግእዝ «ቄርሎስ» ተብሎ የሚጠራው መጽሐፍ በአክሱም መንግሥት ዘመን ከጽርእ በቀጥታ የተተረጐመ ነው፤ ብዙዎቹ የኋለኛው ዘመን መጻሕፍት ከዐረብኛ የተመለሱ ሲሆኑ ይህ ግን ከእነዚያ እጅግ ይቀድማል። በውስጡ ቄርሎስ ስለ ቀናች ሃይማኖት ለንጉሠ ነገሥቱ ለቴዎዶስዮስና ለቤተ መንግሥቱ እመቤቶች የጻፈው፥ ክርስቶስ አንድ ስለ መሆኑም ከጰላድዮስ ጋር በጥያቄና በመልስ የተነጋገረው ይገኛል። በኤፌሶን ጉባኤ የነበሩ ሌሎች አባቶች ድርሳናትም ተጨምረውበታል። ከላይ ያነሣነው የብረትና የእሳት ምሳሌም የሚገኘው ከጰላድዮስ ጋር በተደረገው ንግግር ነው።

ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአክሱም ተርጓሚዎች ለአንድ ወጣት ቤተ ክርስቲያን የሚያስፈልጋትን መጽሐፍ ሲመርጡ፥ ከወንጌልና ከመዝሙር በኋላ፥ እጅግ ረቂቅ የሆነውን የሃይማኖት ክርክር መርጠዋል። የጽርእን የፍልስፍና ቃላት በሴማዊ ቋንቋ ለመግለጽም «ህላዌ»፥ «ባሕርይ»፥ «አካል»፥ «ተዋሕዶ» የተባሉትን ቃላት ማሳመር ነበረባቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ስም የሆነው «ተዋሕዶ» የተወለደው ከዚህ ድካም ነው ማለት ይቻላል። መደባለቅ ቢሉ መለኮት ሥጋ ሆኖ በጠፋ ነበር፤ መጠጋት ቢሉ አንዱ ክርስቶስ ሁለት በሆነ ነበር። ተዋሕዶ ግን ያለ መለያየትና ያለ መቀላቀል አንድ መሆንን ያሳያል።

በኋላም በ16ኛው መቶ ዓመት «ሃይማኖተ አበው» የተባለው ታላቅ መድበል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመለሰ። በዚህ መጽሐፍ አግናጥዮስም፥ አትናቴዎስም፥ ቄርሎስም፥ ዲዮስቆሮስም፥ ሳዊሮስም ይናገራሉ። በመጻሕፍተ ሊቃውንት ጉባኤ ቤት የተቀመጠ ተማሪ እስከ ዛሬ ሃይማኖተ አበውንና ቄርሎስን ከመምህሩ እግር ሥር ሆኖ እየሰማ ይማራል። በኤፌሶን የተጀመረው ክርክር በአንድ ትንሽ የሣር ጎጆ ውስጥ በአማርኛ አንድምታ ሲተነተን መስማት፥ ያልሰማውን ሰው የሚያስደንቅ ነው።

ስለ አንድ መዝሙር የፈሰሰ ደም

በ451 በኬልቄዶን የተሰበሰበው ጉባኤ ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ የሚታወቅ አንድ አካል ነው ብሎ ወሰነ፤ የሮሙን ሊቀ ጳጳስ የልዮንንም ደብዳቤ ተቀበለ። ልዮን በደብዳቤው አንዱ ባሕርይ በተአምራት እንደሚያበራ፥ ሌላው ስድብን እንደሚቀበል ገልጾ ነበር። ለግብፅ፥ ለብዙ ሶርያና በኋላም ለአርመንና ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ይህ አነጋገር የንስጥሮስ አጥር ተመልሶ የተሠራ መሰላቸው። ሕማሙ የአንዱ፥ ክብሩ የሌላው ከሆነ፥ የተሰቀለው በእርግጥ አምላክ ነውን? ብለው ጠየቁ። የኬልቄዶን ወገኖች ደግሞ በበኩላቸው፥ አንድ ባሕርይ የሚሉት መለኮትን ራሱን ሟች ያደርጋሉ ብለው ፈሩ። ሁለቱም የፈሩት ነገር እውነተኛ ነበር፤ ፍርሃታቸው ግን እርስ በርሳቸው እንዳይደማመጡ አደረጋቸው።

ክርክሩ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ወደ ሕዝብ የደረሰው በመዝሙር ነው። እግዚአብሔርን ሦስት ጊዜ ቅዱስ እያሉ የሚያመሰግኑበት ጸሎት በምሥራቅ ሁሉ የታወቀ ነበር። በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የአንጾኪያው ጴጥሮስ በዚህ ጸሎት ላይ «ስለ እኛ የተሰቀለው» የሚል ቃል ጨመረ። ጸሎቱ ለሥላሴ ነው ብለው የሚያምኑት የቊስጥንጥንያ ሰዎች፥ ሥላሴ ተሰቀለ ወደ ማለት ይደርሳል ብለው ተቈጡ። ጸሎቱ ለወልድ ነው ብለው የሚያምኑት የአንጾኪያ ሰዎች ደግሞ፥ የተሰቀለው አምላክ መሆኑን በግልጥ ስለሚመሰክር ወደዱት። በ512 ንጉሠ ነገሥት አንስጣስዮስ ቃሉ በቊስጥንጥንያ እንዲዘመር ባደረገ ጊዜ ታላቅ ሁከት ተነሣ፤ ቤቶች ተቃጠሉ፥ ሰዎችም ሞቱ። ሽማግሌው ንጉሥ ዘውዱን ሳይደፋ በሕዝቡ ፊት ቀርቦ ከመንግሥቱ ለመውረድ ዝግጁ መሆኑን እስኪናገር ድረስ ነገሩ አልበረደም።

በኢትዮጵያ ግን ይህ ጸሎት ሳይበጠበጥ ኖረ። በቅዳሴያችንና በዘወትር ጸሎታችን ሦስቱ ቅዱስ የሚቀርበው ለወልድ ነው፤ ከድንግል መወለዱ፥ በዮርዳኖስ መጠመቁ፥ በዕፀ መስቀል ላይ መሰቀሉ፥ ከሙታን መነሣቱና ማረጉ በቅደም ተከተል ይነገርበታል። ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ጌታን ሲገንዙ ይህን ምስጋና እንደ ሰሙ በትውፊት ይተረካል። ትውፊቱ የሚያስተምረው ነገር ግልጥ ነው፤ በእጃቸው የያዙት በድን ሲሆን፥ የሰሙት ምስጋና ግን የማይሞት ሕያው ይለዋል። በቊስጥንጥንያ ቤት ያቃጠለው ቃል በኢትዮጵያ ሕፃናት ከእናቶቻቸው አፍ የሚለምዱት የዕለት ጸሎት ሆነ።

የሚገርመው ደግሞ የኬልቄዶን ወገኖች ራሳቸው ወደዚያው ሐሳብ መቅረባቸው ነው። በ519 ከዳኑብ ወንዝ አካባቢ የመጡ መነኮሳት፥ ከሥላሴ አንዱ በሥጋ ታመመ የሚል አነጋገር ይዘው ተነሡ። የሮም ሊቃነ ጳጳሳት በመጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ በ534 ግን ዳግማዊ ዮሐንስ ተቀበለው። በ553 በቊስጥንጥንያ የተሰበሰበው ጉባኤም በሥጋ የተሰቀለው እውነተኛ አምላክና ከሥላሴ አንዱ መሆኑን የማያምነውን አወገዘ። እንግዲህ ከመቶ ዓመት ጭቅጭቅ በኋላ በሐሳብ ይቀራረቡ ነበር፤ በመንበርና በወገን ግን ተለያይተው ቀሩ።

ከመስቀል ወደ ዮርዳኖስ

በኢትዮጵያ ጥያቄው እንደገና የተነሣው በ17ኛው መቶ ዓመት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የሮምን ሃይማኖት በ1622 በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፥ የኢየሱሳውያን ካህናት ስለ ሁለት ባሕርይ ከሊቃውንቱ ጋር ተከራከሩ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ንጉሡ ለሕዝቡ የአባቶቹን ሃይማኖት መለሱለት፤ ዐፄ ፋሲለደስም ነገሡ። ነገር ግን ባዕዳኑ ከሄዱ በኋላ ክርክሩ አብሮአቸው አልሄደም። አዲስ መልክ ይዞ በሊቃውንቱ መካከል ቀረ።

ጥያቄው አሁን ከመስቀል ወደ ዮርዳኖስ ዞረ። ክርስቶስ ማለት የተቀባ ማለት ከሆነ፥ የተቀባው ምን ጐድሎት ነው? በተዋሕዶ ከበረ የሚሉት «ወልድ ቅብ» ብለው ቅባቱ ራሱ ወልድ ነው አሉ። የጎጃሞቹ የቅባት ወገኖች ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅባት ነው አሉ። የጸጋ ወገኖች ደግሞ ከአብ ከመወለዱና ከድንግል ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት ቈጠሩ። ከላይ ሲያዩት ይህ ስለ ሕማም የሚደረግ ክርክር አይመስልም። ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ሥሩ ያው ነው። መታመም እንደሚያሳንስ ሁሉ መቀበልም ያሳንሳል፤ ምንም የማይጐድለው እንዴት ይቀበላል? የተቀበለውስ ማን ነው? በመስቀሉ ነገር ቄርሎስ የመለሰውን ጥያቄ የጎንደር ሊቃውንት በዮርዳኖስ ነገር እንደገና ጠየቁት።

በዚህ ክርክር የታየው የሊቃውንቱ ትጋትና የቃል ምርመራ የሚያኮራ ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ በንጉሥ ችሎት የሚዳኝ ስለ ሆነ፥ የረታው ወገን በዐዋጅ ይከብር፥ የተረታው ይሰደድ ነበር። በዐፄ ዳዊት ዘመን (1716–1721) የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጎንደር በወታደር ተገደሉ። በመጨረሻም በ1878፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በግንቦት 1870፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት በወሎ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤ ተነበበ፤ የተዋሕዶ ሃይማኖት ጸና፤ ሦስት ልደት ተወገዘ። እምቢ ያሉ ጥቂት ሰዎች ምላሳቸው እንደ ተቈረጠ ይነገራል። ስለ ገራፊዎቹ ሳይሆን ስለ ተገረፈው ጌታ የሚከራከሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲህ መደራረጋቸው፥ የታሪክን ተማሪ ቆም ብሎ እንዲያስብ የሚያስገድድ ነገር ነው።

በአዲስ አበባ የተገናኙት

በጥር 1965 የግብፅ፥ የሶርያ፥ የአርመን፥ የህንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ከኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ባለ ጉባኤ ሲገናኙ የመጀመሪያቸው ነበር። በዚያው ዘመን የሁለቱ ወገን ሊቃውንት፥ ኬልቄዶንን የሚቀበሉትና የማይቀበሉት፥ ዴንማርክ ውስጥ በኦርሁስ በ1964፥ በብሪስቶል በ1967፥ በጄኔቫ በ1970 ተነጋግረው፥ አራተኛውን ንግግራቸውን በጥር 1971 በአዲስ አበባ አደረጉ። ያዩትም ነገር፥ «ባሕርይ» የሚለውን አንዱን ቃል ሁለቱ ወገኖች በሁለት መንገድ ሲናገሩት እንደ ኖሩና በመሠረቱ የሚያምኑት አንድ እንደ ሆነ ነው። በ1989 በግብፅ፥ በ1990ም በስዊስ አገር በሻምቤዚ የወጡት የስምምነት ቃሎችም ይህንኑ አጸኑ። ይሁን እንጂ አንድ ማዕድ ለመቅረብ እስከ ዛሬ አልበቁም፤ የዐሥራ አምስት መቶ ዓመት መለያየት በጥቂት ጉባኤያት አይፈወስምና።

በሌላ በኩል በአውሮፓና በእስያ የሚኖሩ የሃይማኖት ሊቃውንት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት እልቂት በኋላ የጥንቱን አነጋገር መጠራጠር ጀመሩ። ጀርመናዊው ዲትሪክ ቦንሄፈር በ1945 ከመገደሉ በፊት ከእስር ቤት በጻፋቸው ደብዳቤዎች፥ ሰውን ሊረዳ የሚችለው መከራን የሚቀበል አምላክ ብቻ እንደ ሆነ ገልጾ ነበር። ጃፓናዊው ካዞ ኪታሞሪ በ1946 ስለ እግዚአብሔር ሕማም አንድ መጽሐፍ አወጣ፤ ዩርገን ሞልትማንም በ1972 ስለ ተሰቀለው አምላክ የጻፈው እጅግ ታወቀ። እነዚህ ሰዎች ያነሡት ጥያቄ ከሐዘን የተነሣ ስለ ሆነ ሊከበር ይገባዋል። ይሁን እንጂ የቄርሎስን መጽሐፍ ያነበበ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጥያቄው ለእርሱ አዲስ አይሆንበትም። የማይታመመው ካልታመመ ሐዘናችንን አያውቀውም፤ በመለኮቱ ከታመመ ደግሞ ከሐዘናችን ሊያወጣን አይችልም። የአባቶቻችን መልስ ሁለቱንም የያዘ ነው፤ የታመመው እርሱ ራሱ ነው፥ የታመመውም በሥጋው ነው።

ይህ ትምህርት በጉባኤ ቤት ብቻ ተዘግቶ የሚኖር አይደለም። በየዓመቱ በዓርብ ስቅለት በአክሱም፥ በላሊበላና በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት፥ እንደዚሁም በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በተሠራችው በአዲሲቱ መንደር በኮዬ ፈጬ የሚኖረው ምእመን፥ ከማለዳ ጀምሮ እየሰገደ ይውላል። ከግብረ ሕማማት የሚነበበው የመገረፉና የመሰቀሉ ታሪክ ነው፤ ሕዝቡ የሚመልሰው ምስጋና ግን ኃይልና ክብር የእርሱ መሆኑን የሚመሰክር ነው። የዕለት እንጀራውን በብዙ ድካም የሚያገኝ ሠራተኛ፥ ልጅዋን የቀበረች እናት፥ ከእርሻው ተነሥቶ ቤቱን እንደገና የሠራ ገበሬ፥ አካልና ባሕርይ የሚባሉትን ቃላት ሊተነትኑ አይችሉ ይሆናል። ነገር ግን በሰው ሁሉ ፊት የተዋረደውን ሰው አምላካቸው ብለው ሲሰግዱለት፥ በኤፌሶን የተከራከሩት አባቶች በብዙ ድርሳን የጻፉትን በጉልበታቸው ያነቡታል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር መማር ይቻላል። አንደኛው፥ የአገራችን ሊቃውንት ከዓለም ታላላቅ ጥያቄዎች ወደ ኋላ ያልቀሩ፥ በገዛ ቋንቋቸው መርምረው የመለሱ መሆናቸውን ነው። ይህን ሀብት የዛሬው ተማሪ ከባዕድ መጻሕፍት ብቻ ሳይሆን ከግእዝ ብራናም ሊፈልገው ይገባዋል። ሁለተኛው ደግሞ፥ እውነተኛ ነገር የያዙ ሰዎች ባለመደማመጥ ምን ያህል ሊጐዳዱ እንደሚችሉ ነው። በቊስጥንጥንያ አደባባይ፥ በጎንደርና በቦሩ ሜዳ የተገፋው ሰው የተገፋው፥ የተገፋውን አምላክ እንወዳለን በሚሉ ሰዎች እጅ ነው። የማይታመመው ስለ እኛ ከታመመ፥ እኛ ደግሞ ስለ እርሱ ስንከራከር ወንድማችንን ማሳመም አይገባንም።